ሱሰኛው ልጃችን፦ ወንጀለኛ ወይስ ሕመምተኛ?

የረመዳን ሌሊቶች የዱዓ ሌሊቶች ናቸው። ከተራዊሕ በኋላ፣ ከሱሑር በፊት ባለችው ጸጥ ያለች ሰዓት ብዙ እናቶችና አባቶች እጃቸውን ዘርግተው ስለ ልጆቻቸው ይለምናሉ። ስለ ትምህርታቸው፣ ስለ ሥራቸው፣ ስለ ትዳራቸው ሲለምኑ ጎረቤት ቢሰማቸውም አያፍሩም። በአንዳንድ ቤት ግን ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የሚለመን ሌላ ጉዳይ አለ። ለዘመድ የማይነገር፣ ኢማሙን እንኳ ለማማከር የሚከብድ ጉዳይ ነው፤ በሱስ የተያዘ ልጅ።

ይህ የገጠመው ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ በሁለት መንገዶች መካከል ይዋልላል። አንደኛው መደበቅ ነው። ልጁ "አሞታል"፣ "ክፍለ ሀገር ሄዷል" ይባላል፤ ከቤት የጠፋው ዕቃና የተበደረው ገንዘብ በዝምታ ይሸፈናል። ሁለተኛው ትዕግሥት ሲያልቅ የሚመጣው ማባረር ነው። "ከእንግዲህ ልጄ አይደለህም" ተብሎ በሩ ይዘጋበታል፤ ካልሆነም ፖሊስ ይጠራል። መደበቁም ማባረሩም ከፍቅርና ከኀፍረት የሚመነጩ ናቸው። ነገር ግን ሁለቱም ልጁን ከሱሱ አያላቅቁትም።

መንግሥታትም በዚሁ ጥያቄ ላይ ከስድሳ ዓመታት በላይ ሲዋልሉ ቆይተዋል። በአደንዛዥ ዕፅ ሱስ የተያዘ ሰው ሊቀጣ ይገባዋል ወይስ ሊታከም? ዕፁን ለራሱ መጠቀሙ ብቻ በወንጀል ያስጠይቀው ወይስ አያስጠይቀው? ባለፉት ሃያ አምስት ዓመታት ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ በብዙ አገሮች ተለውጧል። ከእነዚህ መካከል ሙስሊም አገሮችም ይገኙበታል። መልሱን ለውጠው የተሳካላቸው እንዳሉ ሁሉ ለውጠው የተጸጸቱም አሉ። የሁለቱም ተሞክሮ ለአንድ ቤተሰብ የሚያስተምረው ነገር አለ።

ቅጣት ብቻውን

ዛሬ ዓለም የሚመራበት የአደንዛዥ ዕፅ ሕግ መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1961 የተፈረመው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን የዕፅ ሱስን የአገራቸው ቀንደኛ ጠላት ብለው ፈረጁት። ብዙ አገሮችም ያንኑ መንገድ ተከተሉ። ማሌዢያ እ.ኤ.አ. በ1983 በጠቅላይ ሚኒስትር ማሐቲር ሙሐመድ ዘመን አደንዛዥ ዕፅን የአገር ደኅንነት ሥጋት ብላ አወጀች። አዘዋዋሪ የግድ በሞት እንዲቀጣ፣ ተጠቃሚ ደግሞ እስከ ሁለት ዓመት በግዳጅ ማዕከል ተይዞ እንዲቆይ የሚያደርጉ ሕጎችን አወጣች። ኢራንም ከ1979ኙ አብዮት በኋላ በዕፅ ላይ እጅግ የከረረ እርምጃ ወሰደች፤ በዚህ ወንጀል ብዙ ሰዎችን በሞት ቀጣች።

ውጤቱ ግን እንደታሰበው አልሆነም። እስር ቤቶች ሞሉ፤ ሱሰኛው ግን አልቀነሰም። ይልቁንም ሌላ መከራ ተጨመረ። ሄሮይን በመርፌ የሚወስዱ ሰዎች በእስር ቤት ውስጥ አንዱን መርፌ እየተቀባበሉ ስለተጠቀሙበት ኤች.አይ.ቪ በመካከላቸው ተዛመተ። ከዚያም ሲፈቱ ቫይረሱን ይዘው ወደ ሚስቶቻቸውና ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ሱሰኛውን ለመቅጣት የታሰበው እርምጃ ዕፅ ነክታ የማታውቅ ሴትን ጭምር ቀጣ።

ሐራራ የፈቃድ ጉዳይ ብቻ አይደለም

"ከፈለገ ያቆም ነበር" የሚለው አባባል በብዙ ቤት ይሰማል። እውነት ነው፣ የመጀመሪያዋን ጊዜ ሰው በፈቃዱ ይጀምራል። ዕፅ ግን ሲደጋገም አእምሮን ይለውጣል። አእምሯችን ምግብ ስንበላ፣ ከምንወደው ሰው ጋር ስንሆን ደስታ የሚሰጠን ሥርዓት አለው። አደንዛዥ ዕፅ ይህንን ሥርዓት ከተፈጥሮው በላይ ይቀሰቅሰዋል። ሲለምድ ያው መጠን አልበቃው ይላል፤ ሲቀር ደግሞ ሰውነት ያምጻል። ሄሮይንና ሞርፊንን የመሳሰሉ ዕፆች ሲቋረጡ ትውከት፣ ተቅማጥ፣ የጡንቻ ሕመምና እንቅልፍ ማጣት ይመጣል። በዚያች ሰዓት ሰውየው ዕፁን የሚፈልገው ደስታ ለማግኘት ሳይሆን ከሥቃይ ለመገላገል ነው።

ለዚህም ነው የዓለም ጤና ድርጅት ሱስን በበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ የሚያካትተው። በሽታ ነው ማለት ግን ሰውየው ከኃላፊነት ነጻ ነው ማለት አይደለም። የስኳር ሕመምተኛ መድኃኒቱን የመውሰድና ምግቡን የመጠንቀቅ ኃላፊነት አለበት፤ ሆኖም ስኳሩ ከፍ ስላለ እስር ቤት አናስገባውም። በሱስ የተያዘም እንዲሁ የመታከም ኃላፊነት አለበት። ኃላፊነቱን የሚወጣበት የሕክምና በር ግን ክፍት መሆን አለበት።

ፖርቱጋል የከፈተችው በር

በዚህ ረገድ ብዙ የሚጠቀሰው የፖርቱጋል ተሞክሮ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ከ10 ሚሊዮን ሕዝቧ መካከል 1 በመቶ ያህሉ የሄሮይን ተጠቃሚ እንደነበር ይገመታል። በዋና ከተማዋ በሊዝበን ካዛል ቬንቶዞ የሚባለው ሠፈር በአውሮፓ ከታወቁት የሄሮይን ገበያዎች አንዱ ሆኖ ነበር። ሱሱ ሀብታም ከድሃ ስላልለየ የሚኒስትሩም የዓሣ አጥማጁም ቤት ለቅሶ ገባ።

መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1998 የባለሙያዎች ኮሚቴ አቋቋመ። ከአባላቱ አንዱ በደቡባዊቷ አልጋርቬ ግዛት ሱሰኞችን ያክም የነበረው ሐኪም ዶክተር ዡዋው ጉላው ነበር። በኮሚቴው ምክር መሠረት የወጣው ሕግ ከሐምሌ 1 ቀን 2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ከአሥር ቀን ፍጆታ ያልበለጠ ዕፅ ለራሱ ይዞ የተገኘ ሰው ከዚያን ጊዜ ወዲህ በወንጀል አይከሰስም፤ ፍርድ ቤትም አይቀርብም።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ። ፖርቱጋል ዕፅን ሕጋዊ አላደረገችም። መሸጥና ማዘዋወር እንደ ቀድሞው ወንጀል ነው፤ ያሳስራል። ለራስ መጠቀምም ቢሆን የተከለከለ ነው፤ የተለወጠው የሚያስከትለው ነገር ነው። ፖሊስ ዕፁን ወርሶ ሰውየውን ወደ አንድ ኮሚሽን ይልከዋል። ኮሚሽኑ የሕግ፣ የጤናና የማኅበራዊ ጉዳይ ዕውቀት ያላቸው ሦስት አባላት አሉት። ሰውየውን ከጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጠው ያነጋግሩታል። ሱሰኛ ከሆነ ወደ ሕክምና ይመሩታል፤ ካልሆነ ያስጠነቅቁታል ወይም መቀጮ ይጥሉበታል። ስሙ በወንጀለኛ መዝገብ ስለማይሰፍር ነገ ሥራ ሲፈልግ እንቅፋት አይሆንበትም።

ከዚህ ጎን ለጎን ቀድሞ ለእስር ቤትና ለፍርድ ቤት ይወጣ ከነበረው ገንዘብና ጉልበት ብዙው ወደ ሕክምና ዞረ። ሕጉ ሲወጣ በመርፌ ዕፅ ከሚወስዱ ሰዎች መካከል በዓመት ከ1 ሺህ በላይ አዳዲስ የኤች.አይ.ቪ ተጠቂዎች ይመዘገቡ ነበር፤ ከዓመታት በኋላ ቁጥሩ ወደ ጥቂት አሥሮች ወረደ። በዕፅ ምክንያት የሚሞተው ሰው ብዛትም በምዕራብ አውሮፓ ዝቅተኛ ከሆኑት ተርታ ገባ።

ሙስሊም አገሮች ምን አደረጉ?

"ይህ የፈረንጅ ነገር ነው" የሚል ሊኖር ይችላል። የኢራንና የማሌዢያ ታሪክ ግን ሌላ ያሳያል።

ኢራን የዓለም ዋነኛ የኦፒየም አምራች ከነበረችው አፍጋኒስታን ጋር ትዋሰናለች። በእስር ቤቶቿ ውስጥ ኤች.አይ.ቪ ሲዛመት ባለሥልጣናቱ መንገዳቸውን እንደገና ለማየት ተገደዱ። እ.ኤ.አ. በ2002 አካባቢ ሜታዶን የተባለው መድኃኒት ለሕክምና መሰጠት ጀመረ። በ2005 ደግሞ የፍትሕ አካሉ የበላይ ኃላፊ የነበሩት አያቶላህ ማሕሙድ ሃሼሚ ሻሕሩዲ፣ ዳኞችና ዐቃቤ ሕጎች ለሱሰኞች በሚሰጠው ሕክምና ሥራ ላይ እንቅፋት እንዳይሆኑ መመሪያ አስተላለፉ። በ2010 የተሻሻለው ሕግም በሕክምና ላይ ያለ ሱሰኛ እንዳይከሰስ አደረገ። ይህ ሁሉ ሲሆን ኢራን በአዘዋዋሪዎች ላይ የሞት ቅጣትን አልተወችም፤ በ2017 ሕጉን ብታላላም ግድያው ኋላ ላይ እንደገና ጨምሯል። ለሱሰኛው የተከፈተው የሕክምና በር ግን አልተዘጋም።

ማሌዢያም በ2005 የሜታዶን ሕክምና ጀመረች። ሜታዶን በአፍ የሚወሰድ፣ ኃይሉ አንድ ቀን ያህል የሚቆይ መድኃኒት ነው። መጠኑ በሐኪም ከተስተካከለ ሐራራውን ያስታግሣል፤ ሰውየው ሳይሰክርና ሳይንቀጠቀጥ ሥራውን መሥራት፣ ሶላቱን መስገድ ያስችለዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2005 አስፈላጊ መድኃኒቶች ብሎ ከሚዘረዝራቸው ውስጥ አስገብቶታል። በኳላላምፑር በማላያ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ በሚገኘው አር-ረሕማን መስጂድ ከ2010 ጀምሮ ይህ ሕክምና ከሃይማኖታዊ ምክር ጋር ተጣምሮ እንዲሰጥ ተደረገ። ሱሰኛው መድኃኒቱን ፍለጋ የሚሄደው ወደ አላህ ቤት ሆነ። ጀመዓው ሲሸሸው የኖረ ሰው በጀመዓው መካከል ተቀመጠ።

በዚያው ዓመት አገሪቱ የግዳጅ ማዕከሎቿን ቀስ በቀስ ሰው በፈቃዱ ወደሚታከምባቸው ማዕከሎች መለወጥ ጀመረች። ተመራማሪዎች ከሁለቱ ዓይነት ማዕከሎች የወጡ ሰዎችን ተከታትለው ያገኙት ልዩነት እጅግ ሰፊ ነው። በግዳጅ ተይዘው ከነበሩት ግማሾቹ ከወጡ በ31 ቀን ውስጥ ወደ ዕፁ ተመልሰዋል። በፈቃዳቸው የሜታዶን ሕክምና ይከታተሉ ከነበሩት ግን ግማሾቹ እስኪያገረሽባቸው 352 ቀን ወስዷል። በአንድ በኩል አንድ ወር፣ በሌላ በኩል አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ማለት ነው።

ሳዑዲ ዓረቢያን እንኳ ብንመለከት፣ ዕፅ አዘዋዋሪን በሞት የምትቀጣ አገር ሆና ሳለ ለሱሰኛው በር ትታለታለች። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የአደንዛዥ ዕፅ ሕጓ በአንቀጽ 42፣ ሱሰኛው ራሱ ወይም ወላጁ፣ ልጁ፣ የትዳር ጓደኛው ወይም ዘመዱ ሕክምና ከጠየቀለትና በእጁ ያለውን ዕፅ ካስረከበ በመጠቀሙ እንደማይከሰስ ይደነግጋል። በዚያች አገር ሱሰኞች የሚታከሙባቸው ሆስፒታሎች ለረጅም ጊዜ ስማቸው "አል-አመል" ነበር፤ ተስፋ ማለት ነው። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችም በ2021 ባወጣችው ሕግ በፈቃዱ ለሕክምና የቀረበን ሰው ከክስ ነጻ ታደርጋለች። በሳዑዲው ሕግ ውስጥ ልብ የሚባለው ነገር በሩን የማንኳኳት መብት ለቤተሰብ ጭምር መሰጠቱ ነው።

በ2018 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ተቋማት ሁሉ በአንድ ድምፅ፣ ለራስ መጠቀሚያ ዕፅ ይዞ መገኘት ከወንጀልነት ቢወጣ የሚደግፉ መሆናቸውን በጋራ አቋማቸው ገለጹ።

በሩ ወዴት ያስገባል?

ሕጉን ማላላት ብቻ ግን መፍትሔ አይደለም። ለዚህ ምስክሯ የአሜሪካዋ ኦሪገን ግዛት ናት። በኅዳር 2020 እ.ኤ.አ. የግዛቲቱ ሕዝብ 58 በመቶ በሚሆን ድምፅ፣ ጥቂት ዕፅ ይዞ መገኘት ከወንጀልነት እንዲወጣ ወሰነ። ከየካቲት 2021 ጀምሮ ዕፅ ይዞ የተገኘ ሰው የ100 ዶላር መቀጮ ወረቀት ይሰጠው ጀመር። ወደ አንድ የስልክ መሥመር ደውሎ ስለ ጤናው ከተነጋገረ መቀጮው ይሰረዝለታል።

የደወለው ሰው ግን እጅግ ጥቂት ነበር። ለሕክምና የተመደበው ገንዘብ ለማዕከሎቹ የደረሰው ዘግይቶ ነው። ይባስ ብሎ በዚያው ጊዜ ፌንታኒል የተባለው ከሄሮይን ብዙ እጥፍ የሚበረታ ዕፅ ግዛቲቱን አጥለቀለቃት። በየመንገዱ የሚያንቀላፋው ሰው በዛ፤ ነዋሪው ተማረረ። በመጨረሻም የግዛቲቱ ምክር ቤት ሕጉን ቀለበሰው፤ ከመስከረም 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዕፅ መያዝ እንደገና ወንጀል ሆነ።

ፖርቱጋል ራሷም ከዚህ ሥጋት ነጻ አልሆነችም። ከ2012 ወዲህ በኢኮኖሚ ቀውስ ምክንያት ለሱስ ሕክምና የምታውለውን በጀት ስትቀንስና ሥራውን ስትበታትን፣ እንደ ፖርቶ ባሉ ከተሞች በአደባባይ ዕፅ መውሰድ ተመልሶ መታየት ጀምሯል።

ፖርቱጋል ሱሰኛውን ከፖሊስ እጅ ተቀብላ ለሐኪም ሰጠችው። ኦሪገን ከፖሊስ እጅ ብታወጣውም የሚቀበለው አላገኘም። የቤተሰብም ጉዳይ ከዚህ አይለይም። "አልቆጣህም፣ አልነካህም" ብሎ ልጅን ከነሱሱ ዝም ማለት ምሕረት አይሆንም። ምሕረት የሚሆነው እጁን ይዞ ወደሚድንበት ቦታ ሲወስዱት ነው።

ድርጊቱን መጥላት፣ ሰውየውን አለመጣል

አስካሪና አእምሮን የሚሰውር ነገር በእስልምና ሐራም መሆኑ አያከራክርም። የሸሪዓ ዓላማዎች ተብለው በዑለማዎች ከሚዘረዘሩት አምስት ነገሮች አንዱ አእምሮን መጠበቅ ነው። ስለዚህ ከላይ የተነሳው ለውጥ ዕፅን ሐላል ስለ ማድረግ አይደለም። የሚለወጠው በዕፁ የተያዘውን ሰው የምናይበት ዓይን ነው።

በዚህ ላይ በሶሒሕ አል-ቡኻሪ የሠፈረ የታወቀ ታሪክ አለ። በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን መጠጥ እየጠጣ በተደጋጋሚ የሚያዝና የሚቀጣ ዐብዱላህ የሚባል ሰው ነበር። ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) የሚያስቅ፣ ቀልደኛ ሰው ነበር ይባላል። አንድ ቀን እንደገና ተይዞ ሲመጣ ከተሰበሰቡት አንዱ ስንት ጊዜ ነው የሚያመጡት ብሎ ረገመው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን እንዳይረግሙት ከለከሉ፤ ሰውየው አላህንና መልእክተኛውን እንደሚወድ መሰከሩለት። በሌላ ዘገባም የሰከረን ሰው የረገሙትን፣ በወንድማቸው ላይ ሸይጣንን እንዳያግዙ መክረዋቸዋል።

ታሪኩ ሰውየው አልተቀጣም አይልም፤ ተቀጥቷል። ሆኖም ከጀመዓው አልተባረረም። እያጠፋና እየወደቀ ሳለ በልቡ ውስጥ ያለው በጎ ነገር ተመሰከረለት። በየቤታችን ስንቱ ወጣት ነው "አንተ የተረገምክ" ተብሎ ጓደኛ ፍለጋ ወደዚያው ሱስ ቤት የተመለሰ? እርግማኑ በሩን ሲዘጋበት፣ የሚቀበለው ሺሻ ቤቱ ብቻ ይሆናል።

መጠጥ ራሱ በእስልምና የተከለከለው በአንድ ቀን እንዳልነበረም ይታወሳል። በቅድሚያ ጉዳቱ ከጥቅሙ እንደሚበልጥ ተገለጸ፤ ቀጥሎ ሰክሮ ወደ ሶላት መቅረብ ተከለከለ፤ በመጨረሻ ፈጽሞ ሐራም ሆነ። ዛሬ ክልከላው ሙሉ ነው። በልማድ የታሰረ ሰው ግን ደረጃ በደረጃ እንደሚላቀቅ ይህ አመጣጥ ያስገነዝባል።

በእኛስ ቤት?

በአገራችን የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፅን ማምረትና ማዘዋወር ብቻ ሳይሆን መጠቀምንም ያስቀጣል። ጫት ግን ሕጋዊ ነው፤ ወደ ውጭም ይላካል፤ ለብዙ ገበሬ መተዳደሪያ ነው። ዑለማዎቻችን ስለ ጫት የተለያየ አቋም ይዘው ኖረዋል፤ በአንዳንድ አካባቢ ከዱዓ ስብስብ ጋር ተያይዞ የቆየ ልማድም ነው። ከዚህ የተነሳ ስለ ጫት "ሱስ ነው" ብሎ መናገር በአንዳንድ ቤት እንደ ድፍረት ይቆጠራል። ሆኖም ከምርቃና በኋላ መጠጥ ወይም የእንቅልፍ ክኒን የሚፈልግ፣ ያለ ጫት መሥራትም መጸለይም የተሳነው ወጣት በየሠፈራችን አለ። ሐኪም ሳያዝ ትራማዶልን የመሰለ የሕመም ማስታገሻ የሚውጥም አለ።

ልጅ ወይም ዘመድ ወደ ውጭ የሚሄድበት ቤተሰብ ደግሞ ይህንን ይወቅ፦ እዚህ በየጉልቱ የሚሸጠው ጫት በሳዑዲ ዓረቢያ የተከለከለ ነው፤ ይዞ መገኘት ያሳስራል። ብሪታንያም ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክላዋለች። "ለወዳጄ አድርስልኝ" ተብሎ የሚሰጥ ጥቅል ሰውን ለእስር ዳርጎ ያውቃል።

ሕግ የሚያወጣውና የሚያሻሽለው መንግሥት ነው። የቤትን ሕግ የሚያወጣው ግን ቤተሰብ ነው። ማሌዢያና ፖርቱጋል የተማሩትን ለመጠቀም ፓርላማ መጠበቅ አያስፈልገንም።

ረመዳንና ከዒድ በኋላ ያለው ሳምንት

ረመዳን ሱስን ለማቆም ትልቅ ዕድል ነው። ቀኑን ሙሉ ከምግብና ከውኃ የታቀበ ሰው ራሱን መግዛት እንደሚችል በተግባር ያያል። ነገር ግን ይህ ዕድል ጥንቃቄ ይሻል።

አንደኛ፣ ሁሉም ሱስ በአንድ ቀን አይቆምም። ለረጅም ጊዜ ብዙ መጠጥ ሲጠጣ የኖረ ወይም እንደ ዳያዜፓም ያሉ የእንቅልፍ ክኒኖችን ሲውጥ የከረመ ሰው በድንገት ቢያቆም መንቀጥቀጥ፣ መቃዠትና እንደሚጥል በሽታ ያለ መውደቅ ሊደርስበት ይችላል፤ ሕይወቱንም ሊያጣ ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው ማቆም ያለበት በሐኪም ክትትል ነው። ጫት ያቆመ ግን በአብዛኛው የሚገጥመው ድካም፣ ድብርት፣ ቁጡነትና ዱካክ ነው። ለቀናት ምናልባትም ለሳምንታት ይቆያል፤ ያልፋልም። ቤተሰብ ይህን ካወቀ ቁጣውን እንደ ንቀት አይቆጥርበትም።

ሁለተኛ፣ ቀን ጾሞ ከኢፍጣር እስከ ሱሑር ሲቅም ማደር ማቆም አይደለም። ሌሊቱን ያለ እንቅልፍ አድሮ ቀኑን የሚተኛ ሰው ሱሱን ከቀን ወደ ሌሊት አዛውሮታል እንጂ አልተወውም።

ሦስተኛ፣ መድኃኒት የታዘዘለት ሰው ለጾሙ ሲል በራሱ ውሳኔ አያቋርጥ። በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ መድኃኒት ብዙውን ጊዜ ወደ ሌሊት ሊዛወር ይችላል፤ ይህን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። መጾም የማይችል ሕመምተኛ ከሆነም አላህ ለሕመምተኛ ፈቃድ ሰጥቷል፤ ዓሊም ይጠይቅ።

አራተኛውና ከሁሉም የሚያስፈራው ከዒድ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ሄሮይን፣ ሞርፊን ወይም ትራማዶል የሚወስድ ሰው ለሳምንታት ሲያቆም ሰውነቱ የለመደውን የመቋቋም አቅም ያጣል። አገርሽቶበት የቀድሞውን መጠን ቢወስድ ያ መጠን ሊገድለው ይችላል። ከእስር ወይም ከማዕከል የወጡ ሰዎች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በብዛት የሚሞቱትም በዚህ ምክንያት ነው። ሲጠሩት የማይነቃ፣ ትንፋሹ የዘገየ፣ ከንፈሩ የጠቆረ ሰው ተኝቷል ተብሎ አይተው። በጎኑ አስተኝታችሁ ሳትዘገዩ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል አድርሱት፤ የወሰደውንም ለሐኪሙ ሳትደብቁ ንገሩ።

ከምን እንጀምር?

ከልጁ ጋር ለመነጋገር የምትመርጡት ሰዓት ወሳኝ ነው። በምርቃና ወይም በስካር ላይ እያለ የሚነገረው ምክር አይገባውም። ረጋ ያለበትን ጊዜ፣ ምናልባትም ከኢፍጣር በኋላ ያለውን ሰዓት ምረጡ። ከእናትና ከአባት ይልቅ የሚሰማው አጎት፣ ታላቅ ወንድም ወይም ኡስታዝ ካለ እርሱን አስቀድሙ። "አንተ ሱሰኛ" ከማለት ይልቅ ያያችሁትን ንገሩት፦ መክሳቱን፣ ሥራ መቅረቱን፣ ገንዘቡ መጥፋቱን። ከዚያም አንድ ነገር ብቻ ጠይቁት፤ አብሯችሁ ወደ ሐኪም እንዲሄድ። በአዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል፣ በሌሎች ከተሞችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያላቸው ሆስፒታሎች የመጀመሪያው መግቢያ በር ናቸው።

ምሕረት ድንበር የለውም ማለት አይደለም። ለሱሱ የሚውል ገንዘብ አትስጡት። እጁን በእናቱ ወይም በእኅቱ ላይ የሚያነሳ ከሆነ ሌላውን ቤተሰብ መጠበቅ ግዴታችሁ ነው። ድንበሩን ስታስቀምጡ ግን ለመታከም ሲመለስ በሩ ክፍት እንደሚጠብቀው አብራችሁ ንገሩት።

የሙስሊምን ነውር መሸፈን ትልቅ ምንዳ እንዳለው እናውቃለን። ስለዚህም ብዙዎች ለሐኪም መንገርን እንደ ማጋለጥ ይቆጥሩታል። መሸፈን ማለት ግን ስሙን ለሐሜተኛ አለመስጠት ነው፤ ቁስሉን ከሚያክመው መደበቅ አይደለም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ አባቶች።

ደግሞም ሊያገረሽበት ይችላል። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ከዚያም በላይ ሊወድቅ ይችላል። የማሌዢያው ጥናት እንዳሳየው ጥሩ ሕክምና ያገኙትም ሳይቀሩ አገርሽቶባቸዋል፤ ልዩነቱ ሳይወድቁ የቆዩበት ጊዜ መርዘሙ ነው። የተውባ በር ለሰው በተደጋጋሚ የሚከፈት ከሆነ፣ የቤታችን በርና የሕክምናው በር አንድ ጊዜ ብቻ ተከፍተው የሚዘጉበት ምክንያት የለም። በዚህ ወር ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ስለ እርሱ የምትለምኑ ወላጆች፣ ዱዓችሁን አታቋርጡ። ነገ ጠዋት ደግሞ እጁን ይዛችሁ ወደ ሐኪም ውሰዱት።